ፔር ፕሮግራሚንግ ምንድን ነው? ከርቀት ለሚሠራ ጀማሪስ ምን ይጠቅመዋል?

ፔር ፕሮግራሚንግ ሁለት ፕሮግራመሮች አንድን ኮድ አብረው የሚጽፉበት አሠራር ነው። ኪቦርዱን የያዘው «ሾፌር» ይባላል። ሌላው መንገድ መሪ ነው፤ እያየ ይጠይቃል፣ ስህተት ይለቅማል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ያስባል። በየመሀሉ ቦታ ይለዋወጣሉ። አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ኬንት ቤክ እ.ኤ.አ. በ1999 ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የተባለውን የሶፍትዌር ሥራ ስልት በመጽሐፍ ሲያቀርብ ከ12ቱ ልማዶች አንዱ አድርጎታል። ያኔ ወንበር አጋጥሞ መቀመጥ ግድ ነበር፤ ዛሬ ስክሪን ማጋራት ይበቃል።

አለቆች ቀድመው የሚጠይቁት «ለአንድ ሥራ ሁለት ደመወዝ?» ብለው ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ጥንዶቹ በድምሩ 15 በመቶ ያህል ተጨማሪ ሰዓት ቢወስዱም የኮዱ ስህተት በዚያው መጠን ቀንሷል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህ ሒሳብ ውጭ ያለው ነው።

ቢሮ ውስጥ ያለ ጀማሪ ማንም ሳያስተምረው የጎረቤቱን ስክሪን በጨረፍታ እያየ ይማራል። ከርቀት ለሚሠራው የሚደርሰው ያለቀለት ኮድ ብቻ ነው። ነባሩ ባለሙያ ሦስቴ ተሳስቶ እንደጻፈው አያይም፤ ስለዚህ ሲቸገር እሱ ብቻ የማይችል ይመስለዋል፣ አፍሮም ዝም ይላል።

ለምሳሌ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር አልገናኝ ብሎት ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ሲያገላብጥ የከረመ ጀማሪ አለ እንበል። አብረው ሲከፍቱት ነባሯ ባልደረባው «የስህተት መልእክቱን ድምፅ አውጥተህ አንብብልኝ» ትለዋለች። ያነባል፤ መልእክቱ ፖርት 5433 ላይ (ፖርት ፕሮግራሙ ዳታቤዙን የሚያንኳኳበት የበር ቁጥር ነው) የሚመልስ የለም ይላል። «ፖስትግሬስ ራሱ የተከፈተው በስንት ነው?» ብላ ዳታቤዙን በስሙ ጠርታ ትጠይቀውና ዝም ትላለች። ልጁ የቅንብር ፋይሉን ይፈልጋል፣ ሁለቴ የተሳሳተ ፋይል ይከፍታል፣ በመጨረሻ 5432 የሚለውን ያገኛል፤ ፕሮግራሙ ሲያንኳኳ የከረመው የተሳሳተ በር ነበር። እሷ ብትነካው አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር፤ ልጁ ግን በሚቀጥለው ጊዜም የሚጀምረው ከስህተት መልእክቱ ሳይሆን ከኮዱ ይሆን ነበር። ለነባር ሰው ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ መልሱን እያወቁ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ።

ጀማሪው ኪቦርዱን ካልነካ ነገሩ ትርኢት ይሆናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ እሱ ይሁን። አብሮ መሥራቱን ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ መልቀሚያ የሚያደርግ አለቃ ደግሞ ባይገኝ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ማድረግም ያደክማል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሁለቱም ያያሉ እንጂ አያስቡም። ኢንተርኔቱ ከተንቀረፈፈ ቪዲዮውን ዘግቶ ድምፁንና ስክሪኑን ማቆየት ይበቃል።