የተተዉት የውሃ ወፍጮዎች፦ ከአንኮበር እስከ ተምቤን

በሰሜኑ ደጋ የወንዝ ዳር ይዞ የሚሄድ ሰው አንዳንዴ ጣራዋ የወደቀ ትንሽ የድንጋይ ቤት ያገኛል። ሲያዩአት በረት ትመስላለች። ጠጋ ሲሉ ግን ከወለሏ በታች ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይታያል። ይህች ቤት የውሃ ወፍጮ ነበረች።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ብልሃቱ ግን ያስደንቃል። ውሃው ከወንዙ ላይኛው በኩል በድንጋይና በጭቃ ይጠለፋል። በቦይ የተራራውን ወገብ ይዞ ይመጣል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ከተቦረቦረ ግንድ ወይም ከቆርቆሮ በተሠራ አሸንዳ ቁልቁል ይወረወራል። ከታች በአግድም የተኛ መንኮራኩር አለ፤ ክንፎቹ እንደ ጭልፋ የጎደጎዱ ናቸው። ከመንኮራኩሩ የተነሳው ዘንግ የታችኛውን ድንጋይ መሃል ለመሃል አልፎ የላይኛውን ያዞራል። የታችኛው ንቅንቅ አይልም። ጥርስ ያለው መዘውር የለ፣ የሚያዞር ቀበቶ (ቺንጋ) የለ። መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር ድንጋዩም አንዴ ይዞራል። መንኮራኩሩ የቆመና ጥርስ የሚያስፈልገው ሌላ ዓይነትም አለ፤ ለተራራ ጅረት ግን የተኛው ይስማማል፤ ውሃው ትንሽ ቢሆንም ከከፍታ ስለሚወርድ ጉልበት አለው።

በአገራችን በጽሑፍ ከተያዙት ቀደምት የውሃ ወፍጮዎች አንዱ የእኛው የአንኮበሩ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሲሆን፣ አዲስ የእጅ ሥራና መሣሪያ ሲያዩ ዝም ብለው የሚያልፉ ንጉሥ አልነበሩም። በእሳቸው ዘመን ድሜጥሮስ የሚባል የውጭ ባለሙያ አንኮበር አጠገብ የውሃ ወፍጮ ሠራላቸው። አልባኒያዊ ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ግሪክ የሚሉትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለዚህ ወፍጮ ጽፏል። እንደ እሱ አባባል ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው አወገዙት፤ ወፍጮውም ሥራ ፈቶ ቀረ።

ይህን ታሪክ የሚያነሱ ብዙዎች በካህናቱ ለመሳለቅ ነው የሚያነሱት። እኔ አልስማማም። በዚያ ዘመን መፍጨት የሴት ክንድ ሥራ ነበር። ሴቶች ዶሮ ሲጮህ ተነስተው፣ ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብለው፣ መጁን ወዲያና ወዲህ ሲገፉ ይነጋል። በቤተ መንግሥቱም ለግብር ድግሱ የሚፈጩት ብዙ ሴት ባሪያዎች ነበሩ። እንዲህ ባለ አገር የሰው እጅ ሳይነካው ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ድንጋይ ሲያዩ መደንገጥ ያለ ነው። የሚያሳዝነው ድንጋጤው ሳይሆን፣ ወፍጮው ሲቆም ሸክሙ ተመልሶ እነዚያው ሴቶች ላይ መውደቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ የውሃ ወፍጮ ቀስ እያለ በየደጋው ተለመደ፤ አዛውንቶች ብዙዎቹን ከጣሊያን ዘመን ጋር ያያይዟቸዋል።

ዛሬ ፍርስራሾቹ በብዛት ከሚታዩባቸው ቦታዎች አንዱ በትግራይ፣ በሐገረ ሰላም ዙሪያ ያለው ደጉዓ ተምቤን ነው። ከገደሉ ሥር በሚወርዱት ጅረቶች ዳር ተሠርተው ነበር። የተዘጉበት ምክንያት በብዙ ቦታ ተመሳሳይ ነው። የናፍጣ ወፍጮ መንደሩ ድረስ መጣ። የውሃው ወፍጮ ደግሞ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ እህሉ ቁልቁል ይወርዳል፣ ዱቄቱ በአህያ ወይም በጀርባ ሽቅብ ይወጣል። በበጋ ጅረቱ ይቀንሳል፤ ያለውም ውሃ ለመስኖ ይፈለጋል። በክረምት ጎርፍ ግድቡን ይዞት ይሄዳል። መብራት ሲገባ ነገሩ አበቃ። ሆኖም የውሃ ወፍጮ ዱቄት ድንጋዩ በዝግታ ስለሚዞር አይግልም፤ እንጀራውም ይጣፍጣል የሚሉ እናቶች አሉ። እኔም አምናቸዋለሁ።

ፍርስራሽ ስታገኙ መጀመሪያ ድንጋዩን እዩት። ድንጋይ ሲለሰልስ እህሉን ያንሸራትታል እንጂ አይፈጭም። ስለዚህ ባለወፍጮው ውሃውን ዘግቶ፣ የላይኛውን ድንጋይ ገልብጦ በመሮ ይወቅረዋል። የመሮው ምት ዛሬም በጣት ይዳሰሳል። ብዙ ጊዜ ግን ድንጋዩ ቦታው ላይ የለም። አንዱ ወስዶ ደጃፉ ላይ መቀመጫ አድርጎታል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ እዚያው እዩት።

ለጉብኝት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። መንገዱ ደርቋል፣ ጅረቱም ገና አልጠፋም። ወለሉ ላይ ከመቆማችሁ በፊት በዱላ ሞክሩት፤ ከሥሩ የመንኮራኩሩ ጉድጓድ ስላለ በሣር ተሸፍኖ ያታልላል። ቤቱ ጨርሶ ከጠፋ ቦዩን ፈልጉ። ውሃ ካቆመ ስንት ዘመን ቢሆነውም፣ አፈር የሞላው ቦይ እርጥበት ይይዛል። ከተራራው ማዶ ሆናችሁ ስታዩት፣ በደረቀው ሣር መሃል አንድ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ወገቡን ይዞ ይሄዳል። መስመሩ ድንገት የሚቋረጥበት ቦታ፣ ወፍጮ ቤቱ ከሥሩ ነበር።