ስለ ቀላል ፔሌት የሚወራውና ወረቀቱ ላይ የሚታየው

ለ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ውድድር የሚሠራው ፔሌት ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር፣ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ወገቡ ቀጠን ያለ፣ ኋላው እንደ ቀሚስ የተዘረጋ የእርሳስ ጥይት ነው። በክብደት ሁለት ጎራ አለው፤ 0.45 ግራም ገደማ (7 ግሬይን) የሚመዝነው ቀላሉ፣ 0.53 ግራም ገደማ (8.2 ግሬይን) የሚመዝነው ከባዱ። አር ደብሊው ኤስ አር 10 ማች የሚባለው የፔሌት ዓይነት በሁለቱም ክብደት ይመረታል፤ የኤች ኤንድ ኤን ፊናሌ ማች ቀላሉ ደግሞ በሁለቱ መሃል ይወድቃል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ተኳሾች በተገናኙበት ሁሉ ይነሳል። ከሚባለው ውስጥ ግን ሒሳብ ሲገባበት የሚፈርሰው ይበዛል።

«የፔሌቱ ጣሳ ላይ ‹ለሽጉጥ› ስለተባለ ሽጉጤ የሚፈልገው ቀላሉን ነው»

ጽሑፉ የሚናገረው ስለ ጉልበት ነው። የአየር ሽጉጥ ከአየር ጠመንጃ ያነሰ ጉልበት ስላለው ፋብሪካው ፍጥነቱ እንዳይወርድ ቀላሉን ለሽጉጥ ይመድባል፤ የእርስዎን በርሜል ግን አይቶት አያውቅም። በርሜሉ የሚመርጠው በአብዛኛው ልኩን ነው። የፔሌቱ ራስ 4.48፣ 4.49፣ 4.50 ወይም 4.51 ሚሊ ሜትር ተብሎ በተለያየ ልክ ይሸጣል። ልኩ የተስማማ ባለ 0.53 ግራም ፔሌት ልኩ ካልተስማማ ባለ 0.45 የተሻለ ሊመታ ይችላል፤ ተቃራኒውም እንዲሁ። «ለጠመንጃ» የተባለውን በሽጉጥ መተኮስ የሚከለክል ደንብ የለም።

ቀላሉ በእርግጥ የሚያዋጣበት ቦታ አለ። በእጅ አንዴ ታምቆ የሚተኮስ ደካማ ሽጉጥ ላይ ከባዱ ፍጥነቱ ከልክ በላይ ይወርዳል፤ እዚያ ከቀላሉ መጀመር ተገቢ ነው።

«ቀላል ፈጣን ነው፤ ፈጣን ደግሞ ዒላማ አይስትም»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ቀላሉ በሰከንድ 150 ሜትር ከወጣ ጉልበቱ 5 ጁል ገደማ ነው። ያው ጉልበት ለ0.53 ግራም ሲሰጥ ፍጥነቱ 138 ሜትር አካባቢ ይሆናል። (በተግባር ከባዱ ከአየሩ ትንሽ የበለጠ ጉልበት ስለሚቀበል ልዩነቱ ከዚህም ይጠባል።) ታዲያ 12 ሜትር በሰከንድ ምን ይገዛልናል?

እጅ ሲንቀጠቀጥ ምቱን የሚያበላሸው ፔሌቱ በርሜል ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። 23 ሳንቲ ሜትር በሚሆን በርሜል ውስጥ ሁለቱም 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቆያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የአንድ ሚሊ ሰከንድ ሩብ ያህል ነው። በዚያች ቅጽበት የሰው ክንድ የትም አይደርስም። ከአፈሙዝ ከወጣ በኋላ ከባዱ በ5 ወይም 6 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል፤ በዚህ ጊዜ እጅዎ ምንም ቢያደርግ ፔሌቱ አይሰማውም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ንፋስ የለም።

የሚታየው ልዩነት ቁመት ላይ ነው። ቀላሉ 10 ሜትር ሲደርስ ከበርሜሉ መስመር 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከባዱ 27። ይህ የማነጣጠሪያውን ብሎን ጥቂት ክሊክ (እርከን) በማዞር የሚስተካከል ነገር እንጂ የትክክለኛነት ጉዳይ አይደለም። ብዙ ሰው ፔሌት ቀይሮ ምቱ ዝቅ ሲልበት «ይሄ አይመታም» ብሎ የሚጥለው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው። ምቶቹ የት እንዳረፉና ምን ያህል እንደተበተኑ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

«ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ተኩሼ አወዳደርኩ፤ አሸናፊው ታወቀ»

በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ያው ሽጉጥ፣ ያው ፔሌት፣ ሽጉጡን አጥብቆ የሚይዘው ያው ሞርሳ ሆኖ እንኳ የአምስት ምት ብትን (በጣም በተራራቁት ሁለት ምቶች መካከል ያለው ርቀት) ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው በሩብ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ይወዛወዛል። አንዱ ፔሌት 7 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 9 ሚሊ ሜትር ቢያሳይ በአንድ አንድ ወረቀት ብቻ አሸናፊ የለም፤ የደረሰው ዕድል ሊሆን ይችላል። ሌላው ወጥመድ ከአስር ወረቀት ምርጡን መርጦ ማሳየት ነው፤ ስለ ፔሌቱ የሚናገረው አማካዩ ነው።

የሚያስተማምን ሙከራ እንዲህ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ ፔሌት ቢያንስ 25 ምት፣ በአምስት የተለያየ ወረቀት ላይ አምስት አምስት። በተራ ያፈራርቁ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ከዚያ እንደገና ሀ። የሽጉጡ አየር ሲሊንደር ግፊትና የክፍሉ ሙቀት እየተቀየረ ስለሚሄድ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ማለፍ ሚዛኑን ያዛባል። ፔሌት በቀየሩ ቁጥር፣ በርሜል ካጸዱ በኋላም እንዲሁ፣ የመጀመሪያዎቹን 5 እስከ 10 ምቶች አይቁጠሩ፤ በርሜሉ ውስጥ የሚቀረው ስስ የእርሳስ ሽፋን እስኪተካ ምቱ ቦታ ይቀያይራል። በካሊፐር ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ይለኩና 4.5 ይቀንሱ፤ የቀረው ከመሃል እስከ መሃል ያለው ብትን ነው።

ሞርሳው ሽጉጡን የሚይዘው ከአካሉ ወይም ከእጀታው፣ ለስላሳ ጎማ ወይም ቆዳ ተደርጎለት ነው። በርሜሉን ወይም የአየር ሲሊንደሩን በፍጹም አይጨብጡ፤ ግፊቱ በርሜሉን ያጣምማል፣ ሲሊንደሩንም ይጎዳል። ምቶቹ ቁልቁል ተሰልፈው ከመጡ ብዙዎች ወዲያው የግፊት መቆጣጠሪያውን ይከሳሉ። ይሁንና ፍጥነት በ3 ሜትር በሰከንድ ቢወዛወዝ እንኳ 10 ሜትር ላይ የሚያመጣው የቁመት ልዩነት 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሰልፉ ከዚያ ከረዘመ መጀመሪያ ሞርሳውንና ጠረጴዛውን ይፈትሹ፤ ቀጥሎ የበርሜሉን ብሎኖች። ከጀርባ ፔሌት የሚይዝ ሳጥን፣ ዓይን ላይ መነጽር የግድ ነው። እርሳስ ነክተው ሳይታጠቡም ምግብ አይንኩ።

«ጥሩ ፔሌት ካገኘሁ ነጥቤ ይዘላል»

ዒላማው ላይ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ዲያሜትሩ 11.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፔሌቱ ጠርዙን ከነካ ይቆጠራል። ስለዚህ የፔሌቱ መሃል ከዒላማው መሃል እስከ 8 ሚሊ ሜትር ቢርቅም 10 ነው። በሌላ አነጋገር፣ በትክክል መሃል የተስተካከለ 16 ሚሊ ሜትር ብትን ሁሉም 10 ይሆናል። ደህና የሚባል ፔሌት በሞርሳ ከዚህ በታች ነው የሚበትነው።

የሰውና የፔሌት ስህተት ሲገናኙ እንደ ብር አይደመሩም፤ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው፣ ተደምረው፣ ስኩዌር ሩታቸው ይወሰዳል። ተኳሹ ራሱ 40 ሚሊ ሜትር የሚበትን ከሆነ በ8 ሚሊ ሜትር ፔሌት 40.8፣ በ12 ሚሊ ሜትር ፔሌት 41.8 ያገኛል። ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ምላጭ አሳሳብ ላይ የሚውል አንድ ሳምንት ልምምድ ከዚህ የበለጠ ያመጣል። 20 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚበትን ተኳሽ ጋ ግን 21.5 እና 23.3 ይሆናል፤ በፍጻሜ ውድድር ደግሞ ነጥብ በአስረኛ ስለሚቆጠርና እያንዳንዷ አስረኛ 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነች፣ ፔሌት መምረጥ የሚያዋጣው እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

«እያንዳንዱን በሚዛን መመዘን አለብኝ»

ለ10 ሜትር አያስፈልግም። የ0.005 ግራም ልዩነት ክብደቱን በ1 በመቶ ገደማ ይቀይራል፤ ምቱን የሚያወርደው ሩብ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያንን ጊዜ ቀሚሳቸው የተጣመመውን፣ ፊታቸው የተቧጨረውንና ነጭ ዱቄት ያወጡትን ለቅሞ በማውጣት ያሳልፉ። የተጎዳ ቀሚስ አየር በአንድ ጎን ስለሚያስወጣ ፔሌቱ ከአፈሙዝ ሲለይ ያጋድለዋል። ፔሌቱን ሲያጎርሱም ጣትዎ ሁልጊዜ እኩል ጥልቀት ያስገባው፤ ጠርዙ ወጣ ብሎ የቀረ ፔሌት ሲዘጋበት ቀሚሱ ይጨፈለቃል።

«እርሳስ የሌለበት እጅግ ቀላል ስለሆነ የበለጠ ትክክለኛ ነው»

ከቆርቆሮ ማዕድን የሚሠራው 0.34 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለጤና ጥቅም አለው። ነገር ግን ብረቱ ከእርሳስ ስለሚጠነክር የበርሜሉን ጥርስ (ውስጡ ላይ እየተጠማዘዘ የተቀረጸውን መስመር) በቀላሉ አይቀበልም፤ የራሱ ልክ ትንሽ ሲዛነፍ ብትኑ ቶሎ ይሰፋል። አንዳንድ በርሜል ይወደዋል፣ አንዳንዱ ፈጽሞ። ሹል ወይም ክብ ራስ ያለውማ ለውድድር አይታሰብም፤ ወረቀቱን ስለሚቀድ ነጥቡ በወጉ አይነበብም።

«ስሙ ያው ከሆነ ፔሌቱ ያው ነው»

አይደለም። ፋብሪካው ውስጥ ፔሌቱ የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ ሲያልቅና ሲቀየር ያው ስም፣ ያው ክብደት፣ ያው የራስ ልክ ሆኖ አመታቱ ሊለይ ይችላል። ጣሳው ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ይጻፉ፤ ሙከራው የሚያገለግለው ለዚያ ቁጥር ብቻ ነው። ጣሳው 500 ይይዛል፤ የውድድሩን 60 ምትና ማስተካከያውን ጨምሮ በአንድ ልምምድ 80 ያህል ካለቀ፣ አንድ ጣሳ ለ6 ልምምድ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ሙከራው ካለቀ ማግስት የዚያኑ ቁጥር አስር ጣሳ መግዛት ነው፤ ከወር በኋላ ሱቁ ውስጥ ያለው ሌላ ቁጥር ሊሆን ይችላል።