ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ፦ የመንገደኛ ባቡርን የማስረዘም ዕቅድ

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ከአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር አዋሽ ላይ የሚገነጠል ቅርንጫፍ ነው። ከዚያ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አቅጣጫ አድርጎ ወደ ወሎ ይወጣል። ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው የመጀመሪያው ክፍል 270 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የቀረው ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ላይ ያበቃል። ውሉ የተፈረመው በ2004 ዓ.ም ከቱርኩ ተቋራጭ ያፒ መርኬዚ ጋር ነው፤ ዋጋው 1.7 ቢሊዮን ዶላር። የመሠረት ድንጋዩ የካቲት 2007 ዓ.ም ላይ ተጣለ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ክሬዲ ስዊስ ካስተባበረው ብድር የመጣ ነው።

እስከ ኮምቦልቻ ሐዲዱ ተነጥፏል። መደበኛ የመንገደኛ ባቡር ግን ለዓመታት አልመጣም። ሐዲድ መዘርጋትና ሰው ማጓጓዝ ለየቅል ናቸው፤ ይህ መስመር ደግሞ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ከአቅጣጫው እንጀምር። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በአስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ሚኒባስ ጠመዝማዛውን እያቃሰተ ይወጣዋል። ባቡር ግን አቀበት አይወድም። በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ብቻ ይውጣ ብንል፣ ይህን 650 ሜትር ከፍታ ለመጨረስ ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ይፈልጋል። ተራራው ደግሞ ይህን ያህል ቦታ በቀላሉ አይሰጥም፤ ዋሻ መቆፈር፣ ድልድይ መሥራት ይመጣል። ስለዚህ መስመሩ ደሴን ትቶ ከኮምቦልቻ በሐይቅ አቅጣጫ ወደ ሰሜን ያልፋል። የወሎ ትልቋ ከተማ ጣቢያ የላትም ማለት ነው። ደሴዎች ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ባቡር ከጅቡቲ ሲነሳ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ፈቃዱን ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ ሲሰጡም ሐረር ትልቅ የንግድ ከተማ ነበረች። ተራራው ዋጋውን ሰቀለውና ሐዲዱ በቆላው በኩል አለፈ። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ የደረሰበት ቦታ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ በኋላ ድሬዳዋ ሆነ። ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ያየ ሰው ይገባዋል፦ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች፣ ሁሉም ከባቡሩ ጋር የመጣ ነው። አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም ድረስ ተጠብቋል።

ወደ መንገደኛው እንመለስ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር በኩል በአስፋልት 375 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ባቡሩ ግን መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አዋሽ ድረስ ወርዶ ነው ወደ ሰሜን የሚታጠፈው። ስለዚህ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። መስመሩ የተነደፈው በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር ነው። ቁልቁለቱን፣ መቆሚያውንና ጥበቃውን ቆጥረን በአማካይ 80 ቢጓዝ ጉዞው 6 ሰዓት ይወስዳል። አውቶቡስን ሊፎካከር ይችላል፤ ግን በመንገድ ላይ ካልተገተረ ነው።

መገተሩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የጅቡቲው መስመር ከሰበታ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ግን ነጠላ ነው። የአዋሹም ቅርንጫፍ ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ ቆሞ ሌላውን ያሳልፋል። ዋናው ገቢ የሚመጣው ከጭነት ስለሆነ የመንገደኛው ባቡር በጊዜ ሰሌዳው ላይ የእንጀራ ልጅ የመሆን ዕጣ አለው። የጅቡቲው መስመር ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም መደበኛ ሥራ ሲጀምር የመንገደኛ ባቡር የሚነሳው በየሁለት ቀኑ ነበር። ለቅሶ ሊደርስ የሚቸኩል ሰው በየሁለት ቀኑ የሚመጣ ባቡር አይጠብቅም፤ አውቶቡስ ይሳፈራል። ሰሜን ላይም ቢሆን ከዋሻና ከድልድይ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው በቀን ስንት ጊዜ ይነሳል የሚለው ነው። ከብቶችና ግመሎች ሐዲዱን የሚያቋርጡበት ቦታም አብሮ መታቀድ አለበት። በጅቡቲው መስመር ባቡር የገጫቸው እንስሳት ካሳና ጭቅጭቅ አምጥተዋል።

ጣቢያው የት ይሁን? ለገሃር በ1922 ዓ.ም ሲመረቅ ባቡር መሀል ከተማ ይገባ ነበር። አዲሱ ባቡር መንገደኛ የሚጭነው ለቡ ነው። ሁለት ሻንጣና አንድ ጆንያ ይዞ ከመገናኛ ለቡ መድረስ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው፤ የኮንትራት ታክሲው ሂሳብ ከባቡሩ ትኬት ጋር ይፎካከራል። የድሬዳዋም አዲስ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሏል። ምክንያቱ ይገባል፤ መሀል ከተማ ቤት ማፍረስና ካሳ መክፈል ውድ ነው። ግን የተቆጠበው ብር በመንገደኛው ኪስ ነው የሚካካሰው። ደሴ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ኮምቦልቻ ጣቢያ በር ላይ የሚጠብቅ ሚኒባስ ከሌለ ባቡሩ ግማሽ መንገድ ላይ ጣለው ማለት ነው።

ትልቁ ማነቆ ግን መብራት ሆነ። መስመሩ የታሰበው ለኤሌክትሪክ ባቡር ነው። ከሐዲዱ በላይ ያለው ሽቦ 25 ሺህ ቮልት ይሸከማል፤ ኃይሉ ደግሞ በየርቀቱ ከሚተከሉ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ይመጣል። እነዚህን የሚመግበው ከፍተኛ መስመር ከሐዲዱ እኩል ስላልደረሰ ያለቀው ሐዲድ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። አንድ ፕሮጀክት በሁለት መሥሪያ ቤት ሲከፈልና ገንዘቡም ለየብቻ ሲፈለግ አንዱ መቅደሙ አይቀርም። ብድሩ ግን ባቡር ሄደም አልሄደም ይቆጠራል። በላዩ ላይ በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ኮምቦልቻ ደረሰ፤ ፕሮጀክቱም ዝርፊያና ጉዳት ደረሰበት። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ የሚቀጥለው መስመርም ቆሞ ቀረ። በሰመራ በኩል ወደ ጅቡቲው ታጁራ ወደብ የታሰበው ከዕቅድ አላለፈም።

ኃይሉ ቢገባም አዋሽ ላይ አንድ የሚወሰን ነገር አለ፦ ከለቡ የተነሳው ባቡር በቀጥታ ኮምቦልቻ ይግባ ወይስ መንገደኛው አዋሽ ላይ ባቡር ይቀይር? ሁለቱን መስመሮች የሠሩት የተለያዩ ተቋራጮች ስለሆኑ ባቡሩ በቀጥታ እንዲያልፍ የምልክት ሥርዓታቸው መናበብ አለበት። መቀየር ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ባቡሮች በሰዓት መገጣጠም አለባቸው። የድሮው ባቡር ሌሊት በማይጓዝበት ዘመን መንገደኛው አዋሽ ወርዶ ያድር ነበር፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራው ማደሪያ፣ የአዋሽ ቡፌም፣ ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ ይገኛል።