ጠላትን መውደድ፦ የመሠረተ ክርስቶስ ትምህርትና የአዳማ ታሪኩ

«ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለው ቃል (ማቴ. 5፥44) የክርስቲያን ሁሉ ነው። ኦርቶዶክሱም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እየተባለ ነው ያደገው፣ የንስሐ አባትም ከተጣላኸው ሰው ታረቅ ሳይሉ ቁረብ አይሉም። ይሄን ቃል ዋና መታወቂያዋ አድርጋ የያዘችውና ሥሯ አዳማ የሆነው ግን መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት።

ትምህርቱ የመጣው በ1525 እ.ኤ.አ. ዙሪክ ከተጀመረው የአናባፕቲስት (ሰው አምኖ በራሱ ውሳኔ ይጠመቅ የሚሉ ክርስቲያኖች) እንቅስቃሴ ነው። እነዚህ ሰዎች በካቶሊኩም በፕሮቴስታንቱም መንግሥት እየታደኑ ሰይፍ አናነሳም ያሉ ናቸው። ሆላንዳዊው ዲርክ ቪለምስ በ1569 ከእስር አምልጦ በበረዶ ግግር ላይ ሲሮጥ፣ የሚያሳድደው ሰው በረዶው ተሰብሮበት ውሃ ውስጥ ገባ፣ ዲርክ ተመልሶ ጎትቶ አወጣው፣ በዚሁ ተይዞ በእሳት ተቃጠለ።

የመሠረተ ክርስቶስ መነሻ የሆኑትና ከአናባፕቲስቶቹ ወገን የሆኑት ሜኖናይቶች ናዝሬት (የያኔው የአዳማ ስም) የመጡት ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ ሥራ ነው፣ በአርበኛው ኃይለማርያም ማሞ ስም የሚጠራውን ሆስፒታልም ያስተዳድሩ ነበር፣ ከድሬሰር (የሕክምና ረዳት) ትምህርት ቤታቸው ብዙ የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ወጥተዋል። ቀጥሎ የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ፣ ከዛ በወጣቶች የተነሳው የሰማይ ብርሃን የሚባለው መንፈሳዊ እንቅስቃሴ መጣ።

ዋናው ፈተና ደርግ ነው። ጥር 1974 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኗ ተዘጋች፣ አካዳሚውን ጨምሮ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ አራት አምስት እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ፣ አንድ ላይ አይገቡም አንድ ላይ አይወጡም፣ መዝሙር በሹክሹክታ ነው፣ ለጎረቤት ልደት ወይ ቡና ይመስላል። በዛ ሁሉ ውስጥ ለሚያሳስራቸው ካድሬ ስም እየጠሩ መጸለይ፣ ሰው እንዴት አይደነቅ! ሲዘጋ 5,000 ገደማ የነበረው አባል ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ከዛም የሚያበዙት አሉ። ዛሬ በዓለም ካሉ የሜኖናይት ቤተሰብ አብያተ ክርስቲያናት በአባላት ብዛት ቀዳሚዋ ናት።

ከ1983 ወዲህ ቤተ ክርስቲያኗ በነፃነት አድጋለች።

አሁን ያለው መከፋፈል ሌላ ዓይነት ነው። ደርግ ከውጭ የመጣ ጠላት ነበር፣ የአሁኑ ግን በብሔር ሆኖ እዛው አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ እሁድ አብረው ዘምረው ማታ ፌስቡክ ላይ የሚሰዳደቡ አሉ። አማኝ ወታደር ይሁን አይሁን በሚለውም ሁሉም አንድ ሐሳብ የለውም፣ የሰላም ትምህርቱ ስብከት ላይ ቀንሷል የሚሉ አሉ፣ የለም እንዳለ ነው የሚሉም አሉ።

ጠላትን መውደድ በተግባር በደንብ የሚታየው የእስር ቤት አገልግሎቱ ላይ ነው። ሰው ገድሎ የታሰረ ሰው ሲፈታ የሟች ቤተሰብ ሊበቀል ይችላል፣ ስለዚህ አገልጋዮቹ ከመፈታቱ በፊት ከሽማግሌ ጋር የሟችን ወገን ያነጋግራሉ። በኦሮሞ ባህል ጉማ የሚባለው እርቅ ስላለ ሥራው ከአካባቢው ሥርዓት ጋር ይያያዛል፣ ሽማግሌዎቹ ካልተስማሙ አገልጋይ ብቻውን የሚፈጽመው ነገር አይደለም። አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ያልቃል፣ አንዳንዴ የሟች እናት እሺ እስክትል ተመላልሶ መለመን ነው።