ላይብረሪ የመቸከያ ቦታ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ጠዋት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ ኬኔዲ ላይብረሪ ደጃፍ ላይ ቆም ብላችሁ እዩ። ተማሪው ሃንድአውቱን ይዞ ይገባል፣ ሃንድአውቱን ይዞ ይወጣል። ከመደርደሪያው አንድ መጽሐፍ ሳያነሳ የሚመረቅም አለ። ይሄ በጣም ይቆጨኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ምርምር የዶክተሮች ሥራ ነው»

ይሄኛው ከሁሉም ይብሳል፤ የዩኒቨርሲቲው ታሪክ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ (የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ) ተማሪዎች የኢትኖሎጂ ማኅበር ነበራቸው። ስለ አገር ቤቱ ወግና ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። ዶክተር አልነበሩም፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ ከምንጮቻቸው መካከል ጠቅሰዋል።

እስኪ አንድ የቆየ ሲኒየር ኤሴይ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ክፈቱ። በታይፕ የተመታ ነው። ወረቀቱን በጣት ስትዳብሱት የፊደሉ ምት ከጀርባው ይሰማችኋል። መጨረሻው ላይ ተማሪው ያነጋገራቸው ሽማግሌዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የተነጋገሩበት ቀን ተደርድሯል። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያንን ወሬ የነገሩት ለአንድ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ነው። እሱ ባይጽፈው ኖሮ አብሯቸው ይቀበር ነበር።

«እኔ ደራሲ ነው መሆን የምፈልገው፤ ላይብረሪ ምን ይሠራልኛል?»

በ1960ዎቹ መርካቶ የሚነግድ ገጸ ባሕርይ ይዛችኋል እንበል። ሲኒማ ቤቱ ምን ያሳይ ነበር? ሰው በምን ይነታረክ ነበር? አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ታትሟል። የድሮውን ጥራዝ ስትገልጡ ዜናውን ብቻ አትዩ። ማስታወቂያውን፣ የአንባቢ ደብዳቤውን አንብቡ። ገጸ ባሕርያችሁ አፍ የሚያወጣው እዚያ ነው።

ገጣሚ ከሆናችሁም ብቻችሁን አይደላችሁም። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኮሌጅ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቆመው ግጥም ያነቡ ነበር። የድሃውን ኑሮ ሳይፈሩ ያነሱም ነበሩ።

«የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለፈረንጅ ተመራማሪ ነው»

አይደለም። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ስብስቡ ግን የእናንተ ነው። የብራና መጻሕፍት፣ የድሮ ጋዜጦች፣ ፎቶግራፎች አሉት። ፈረንጁ ውቅያኖስ አቋርጦ የሚመጣበትን እናንተ ከዶርም በእግራችሁ ትደርሱበታላችሁ።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ»

ግማሹ እውነት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎችን በድረ ገጹ በነፃ ይለቃል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሱት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹም አሜሪካ ሚኒሶታ ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ይነበባሉ፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ የተዘረዘሩበት የታይፕ ወረቀት ግን ጎግል ላይ ላይኖር ይችላል። እሱን ለማግኘት መሄድ ነው።

«የላይብረሪ ሠራተኛ መጠየቅ ያሳፍራል»

ምን ያሳፍራል? ሥራቸው ነው። ርዕስ ባይኖራችሁም ግድ የለም። «ስለ አያቴ አገር የተጻፈ ነገር ይኖራል?» በሏቸው።