«የፈረንጅ በሽታ ነው» እና ሌሎች ስለ እግር ደም መርጋት የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ሰሞን አዘዞ ያለች ዘመዳችን በኦፕራሲዮን ወልዳ ልንጠይቃት ስንሄድ አንድ እግሯ ብቻ ከባቷ ጀምሮ አብጧል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሐኪም ሆኗል፣ የሰማሁት ግማሹ ስህተት ነበር። ነገርየው ዲቪቲ ይባላል፣ እግር ውስጥ ጠለቅ ብሎ ያለ ደም ስር ላይ ደም ሲረጋ ማለት ነው፣ የሚያስፈራው የረጋው ተላቆ ሳንባ ላይ ሲወተፍ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛን አይነካም»

ይቺ ወሬ ዝም ብላ አልመጣችም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሆላንድ ላይደን ከተማ የተገኘ ፋክተር ፋይቭ ላይደን የሚባል በዘር የሚወረስ ነገር አለ፣ ደምን ቶሎ ያረጋል፣ ከአውሮፓ ዘር ከመቶ 5 ያህሉ ይዘውታል፣ አፍሪካውያን ጋ ግን ብርቅ ነው። እስከዚህ ልክ ነው። ግን አሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ይሄ ጂን እምብዛም ሳይኖራቸው በደም መርጋት ከነጮቹ በላይ ይያዛሉ፣ ምስራቅ እስያዎቹ ደግሞ ከሁለቱም ያንሳሉ። ጂኑ አንዱ በር ነው እንጂ ሌላም ሞልቷል፦ ወሊድ፣ ኦፕራሲዮን፣ የእግር ስብራት፣ ካንሰር፣ ኤችአይቪ፣ ቲቢ። ከነዚህ ውስጥ ጎንደር የሌለው የቱ ነው?

«አራስ ከአልጋ አትነሳም»

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እርጉዝ ሴት ስትወልድ ደሟ ፈሶ እንዳያልቅ ሰውነቷ ቀድሞ ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፣ እና ከወለደች በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ዋናው የአደጋ ጊዜ ናቸው፣ እኛ ደግሞ ልክ በዛው ሰአት ወንድ ከሆነ 40 ሴት ከሆነች 80 ቀን ብለን ጋደም እናደርጋታለን። ገንፎውም አጥሚቱም ይቅረብ፣ ውሃ ትቅዳ ያለ የለም። ግን ተነስታ ቤት ውስጥ ወዲህ ወዲያ ትበል፣ ፈሳሽ ትጠጣ፣ ተኝታም ቢሆን ቁርጭምጭሚቷን ታዙር። «ብርድ ይገባታል» ከሆነ ጋቢ ደርባ ትራመድ በቃ።

«ታሽቶ ይለቃታል»

አክስቴ ቅቤ አቅልጠው መዳፋቸውን ቀብተው ተንበርክከዋል፣ ካልሆነም ወጌሻ ይጠራ እየተባለ ነው። «እትዬ ይቅርታ፣ ዛሬስ አይታሽም» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ፣ ተቆጡኝ። ማሸት የረጋውን ሊያላቅቀው ይችላል፣ ከዛ መንገዱ ወደ ሳንባ ነው። አንዷ ጎረቤት ደግሞ «ዝሆኔ ይሆናል» አለች፣ ግን ዝሆኔ በአመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል። ይሄኛው በቀናት ውስጥ አንድ እግር ያሳብጣል፣ ያማል፣ ይሞቃል። በአልትራሳውንድ ታየ፣ ደም ነው የረጋው፣ በዛው ቀን ደም የሚያቀጥን መርፌ ጀመረች። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይ ደም ያለው አክታ ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ነው ወደ ሆስፒታል፣ «መጋኛ ነው» ተብሎ እስኪነጋ አይጠበቅም።

«አውሮፕላን ላይ ነው የሚይዘው»

መቀመጡ እንጂ አውሮፕላኑ አይደለም። ከጎንደር አዲስ አበባ በረራ አንድ ሰአት ገደማ ነው ምንም አይልም፣ በመኪና ግን ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ እግርህን ጆንያ ላይ አጣጥፈህ። ከ4 ሰአት በላይ ጉዞ አደጋውን ወደ እጥፍ ያደርሰዋል፣ ያም ሆኖ ለጤነኛ ሰው በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አትደንግጡ፣ ለምሳ ሲቆም ወርዳችሁ ተራመዱ።

«አስፕሪን ብትውጥ ይበቃታል» ስለተባለውም፦ ለረጋ ደም አስፕሪን የመርፌውን ቦታ አይተካም።

«ዋርፋሪን የጀመረ ሰው ጎመን አይቅመስ፣ የምታጠባም ጡት ታስጥል»

ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ የሚዋጥ ኪኒን ነው፣ እየወሰዱት ማጥባት ይቻላል፣ ለእርጉዝ ነው የማይሆነው። ጎመንም አልተከለከለም፣ ውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድሃኒቱን ጉልበት ስለሚቀንስ ዛሬ ጥቂት ነገ አንድ ሳህን እንዳይሆን ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጎመኑ በአንዴ ስለሚበዛ ግን ቀደም ብሎ ለሐኪሙ መንገር ነው፣ የደም ምርመራውን ቀጠሮ ያቀርበዋል።