ላም አላችሁ ወይ?

ባለፈው እሁድ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። በላዩ በሌላ አገር ያሉ፣ በየወሩ ብር እየላከ የሚረዳቸው ሰው የሚፈለግላቸው ልጆች ፎቶ ያለባቸው ካርዶች ተደርድረዋል። ሰው ከቦ ያማርጣል። «ይቺ ታምራለች፣ እሷን ልውሰድ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያኔ ዝም አልኩ፤ ዛሬ ግን ልናገር።

የተወደዳችሁ፣ ልጅ ስለምትረዱ ጌታ ይባርካችሁ። ገንዘቡ ላይ ቅሬታ የለኝም። እሱማ በየወሩ ከባንክ ካርዳችን ላይ በራሱ ይቆረጣል። ልጁን ብንረሳው እንኳ ይቆረጣል። እኔን ያስጨነቀኝም ይኸው ነው።

ያዕቆብ 1፥27ን ሁላችንም በቃል እናውቃለን። ንጹሕ አምልኮ «ወላጆች የሌላቸውን ልጆች ባልቴቶችንም በመከራቸው መጠየቅ» ነው ይላል። መርዳት አላለም፣ መጠየቅ ነው ያለው። በአማርኛችን ይህች ቃል እንዴት ያለች ናት! የታመመ እንጠይቃለን፣ የታሰረ እንጠይቃለን፣ አራስ እንጠይቃለን። አራስ ቤት ስንሄድ አጥሚቱን ደጃፍ ላይ አስቀምጠን አንመለስም። ገብተን እንቀመጣለን። «እንዴት አደርሽ? ሕፃኑ ይጠባል? እንቅልፍስ አገኘሽ?» እንላለን። አጥሚት ሳንይዝ ብንሄድ እንኳ ጠይቀናል። ብር ልኮ ዝም ያለ ሰው ግን ረድቷል እንጂ አልጠየቀም።

አገር ቤት ሳለሁ በአንድ አጥቢያ የልጆች ፕሮጀክት ውስጥ ደብዳቤ እተረጉም ነበር። የደብዳቤ ቀን ቅዳሜ ነው። ልጆቹ ተደርድረው፣ እርሳስ እያኘኩ፣ «ውድ ስፖንሰሬ፣ ለጤናህ እንደምን ነህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብለው ከሩቅ ለሚረዳቸው ሰው መጻፍ ይጀምራሉ። የሁሉም አንድ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ስለሚጻፍላቸው ነውና አትታዘቧቸው። ከሥር በሚተርፈው ቦታ ላይ ግን የራሳቸው ነገር ብቅ ትላለች።

አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ «እናንተ ጋ ላም አላችሁ ወይ?» ብሎ ጻፈ። ተረጎምኩለት። ከወራት በኋላ፣ በሚቀጥለው ዙር፣ ያንኑ ጠየቀ። ለሦስተኛ ጊዜም ጠየቀ። በሦስተኛው «የእኛዋ ዳለቻ ትባላለች» ብሎ ሥዕሏን ጨመረበት። አምስት እግር ነበራት፤ ምናልባት አንዱ ጅራት ይሆናል። መልስ አልመጣም። ብሩ አንድም ወር ተቋርጦ አያውቅም፤ ደብተሩም ጫማውም በጊዜው ይደርሰዋል። ደብዳቤ የመጣላቸው ልጆች ስም ሲጠራ፣ እሱ አቀርቅሮ ያንን ጫማ ያይ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ ሥራ እኮ ሲጀመር እንዲህ አልነበረም። ልጆችን ከረጂዎች ጋር የሚያገናኘውን ኮምፓሽን የተባለ የክርስቲያን ድርጅት የመሠረተው ኤቨረት ስዋንሰን የተባለ አሜሪካዊ ሰባኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ለወታደሮች ሊሰብክ ኮሪያ ሄዶ፣ ጦርነቱ ሜዳ ላይ የጣላቸውን ልጆች በዓይኑ አይቶ ነው የተነሣው። የእኛም ቃኘው ሻለቃ እዚያው ነበር፤ ወታደሮቻችን ወላጅ ላጡ ኮሪያውያን ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ዛሬ ኮሪያውያኑ በተራቸው የሌላ አገር ልጆች ይረዳሉ፣ የእኛንም ጭምር። አባቶቻችን ልጆቹን ፊት ለፊት እያዩ ነው ያጎረሱት። እኛ ርቀናል። ያለችን አንዲት ደብዳቤ ናት፣ እሷንም ነፈግን።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» ትላላችሁ። አሁን ይሄ ይጠፋል? በመስኮታችሁ የምታዩትን ጻፉ። ዛሬ ምን እንደበላችሁ፣ በልጅነታችሁ ምን ትፈሩ እንደነበር ጻፉ። የምትወዱትን አንድ ጥቅስ ጨምሩ፤ ስብከት አታድርጉት። የመኪናችሁን ፎቶ ተዉት። «እመጣለሁ» ብላችሁም ቃል አትግቡ፤ ልጅ ቀን ይቆጥራል። ደብዳቤው በቢሮ ታይቶ፣ ተተርጉሞ ስለሚደርስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለገና የምትጽፉትን ለገና ሳምንት አታቆዩት። ከሁሉ በፊት ግን የልጁን ደብዳቤ እስከ ታች አንብቡ። ጥያቄ ካለበት መልሱ።

ይህን ስጽፍ ፍሪጄን እያየሁ ነው። ኡጋንዳ ያለችው፣ እኔ የምረዳት ልጅ የላከችው ደብዳቤ ከፋሲካ ጀምሮ በማግኔት ተለጥፏል። «በረዶ ይበላል ወይ?» ትላለች። ለሌላው ስተረጉም የኖርኩ ሰው! ጌታ ይቅር ይበለኝ። ዛሬ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ እጽፍላታለሁ። ይበላል፣ ግን ምንም ጣዕም የለውም እላታለሁ።